ማኅበረሰቦች በእንቅስቃሴያቸው

ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የዳታቤዝ ትምህርት አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው። ቤታችን በአማርኛ የሚጸለይበት፣ በኦሮምኛ የሚጨቃጨቁበት የጴንጤ ቤት ነበር። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከወረዳ የመጡ ናቸው፤ ኮምፒውተር መጀመሪያ የነኩት እኔ ፊት ነው። መጽሐፉ የሚሰጣቸው መልመጃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ የሌለ ድርጅት፣ የሌሉ ሠራተኞች፣ የሌለ የሽያጭ ክፍል። «በሽያጭ ክፍል የሚሠሩትን በስም ቅደም ተከተል አውጣ» ይላል። ልጆቹ ያወጣሉ፣ ፈተና ይፈተናሉ፣ ይረሱታል።

ሌላ ዓይነት ዳታ እንዳለ ያሳየኝ ከጭሮ ብዙም በማትርቀው መሰላ የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር ነው። የጎጃም ሰው ነው፤ በወጣትነቱ መሰላ ተመድቦ መጣና በዚያው ቀረ። ትዳር አልያዘም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ኦሮምኛውም የጎጃም ቅላጼ ያለው ኦሮምኛ ነበር። የተዋወቅነው ለክረምት የመምህራን ሥልጠና ወደ ኮሌጃችን በመጣ ጊዜ ነው። በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል፤ መጀመሪያ አንቱ ስለው ተቆጣ። «ገና ሳልሸብት አታሸብተኝ» አለኝ። ሸብቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጋሼ እያልኩ አንተ ማለት ጀመርኩ።

ሥልጠናው አልቆም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኛ ላብራቶሪ መምጣቱን አልተወም። ከመሰላ ሲመጣ በአቧራ ነጭ ሆኖ ይደርሳል፤ ኮቱን በር ላይ አራግፎ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው አሳየኝ። ሰው ጥያቄውን የሚጽፍበት፣ የሚያውቅ የሚመልስበት፣ ጥሩ መልስ ድምፅ የሚሰጠው አንድ ድረ ገጽ ነው። በሥሩ ብዙ ማኅበረሰቦች አሉ፤ የሒሳብ አለ፣ የምግብ አበሳሰል አለ፣ የብስክሌት አለ፣ የክርስትና አለ፣ የእስልምና አለ፣ የፖለቲካ አለ። እሱ በሒሳቡ ውስጥ ይመልሳል። የት አገር እንዳሉ የማያውቃቸው ሰዎች «አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ» ብለው ይጽፉለታል። ያንን ሲያነብ ፊቱ ላይ የማየውን ነገር ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ብዙ ጊዜ ያገኘው አይመስለኝም።

«የእነዚህ ሁሉ ዳታ ለማንም ክፍት ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ኩዌሪ ጽፎ መጠየቅ ይቻላል። እኔ አልችልበትም፣ አንተ ግን ትችላለህ።»

ኩዌሪ ማለት ዳታቤዙን የምንጠይቅበት ትእዛዝ ነው። ይህን ያህል ጥያቄ ያለው የትኛው ነው፣ መልስ ያላገኘው ስንት ነው፣ በቅርቡ የጻፈ ሰው አለ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ፤ ሰንጠረዥ ይሰጥሃል።

የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር። ለእኛ አገር ተማሪዎች በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጠይቁበት አንድ ማኅበረሰብ እዚያው ድረ ገጽ ላይ እንዲከፈት ሊያመለክት አስቧል። አዲስ ማኅበረሰብ ግን በቂ ሰው ካልተሰበሰበለት አይከፈትም፤ ቢከፈትም ካልተንቀሳቀሰ ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉንም በእንቅስቃሴያቸው ደረጃ አውጥተን ከታች ያሉትን እንድናይ ፈለገ። «ትልልቆቹን ተዋቸው። በጣም ትንሽ ሆኖ ግን ያልሞተውን አሳየኝ» አለኝ። «ከእሱ የምንማረው አለ።»

እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ ግን አልተስማማንም። እኔ የጥያቄዎቹን ብዛት ቆጥሬ ደረጃ አወጣሁ። አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ጩኸት ነው የቆጠርከው።»

«ታዲያ ምን ልቁጠር?»

«መልስ ቁጠር። የሚጠይቅ ሰውማ ገበያም ውስጥ ሞልቷል። ጥያቄው ከተጻፈ በኋላ ምን ያህል ቆይቶ መልስ እንደሚመጣ ቁጠር።»

«ከዚያስ ድምፁ? አስተያየቱ?»

«እሱንም። ግን ክብደቱን አሳንሰው።»

ጠዋት የጀመርነው ክርክር ምሳ ሰዓት አልፎም አላለቀም። ኩዌሪውን ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ እንደገና ስጽፍ እሱ ከኋላዬ ቆሞ በጣቱ ስክሪኑን ይነካል። ስክሪኑ ላይ የጣቱ ምልክት ይቀራል። ቅዳሜዎቹ እንዲህ ሄዱ። ተማሪዎቼንም ከሽያጭ ክፍሉ ሠራተኞች አላቅቄ በዚህ ዳታ ማስተማር ጀመርኩ፤ ከቦኬ ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ብስክሌት ነድታ የማታውቅ ሆና የብስክሌቱን ማኅበረሰብ ከላይ እስከ ታች ተንትና ስታቀርብ ክፍሉ አጨበጨበላት። የማስተማር ሥራዬን እንደዚያ የወደድኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። ሰልፍ ሆነ፣ ተኩስ ሆነ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስልክ ላይ ኢንተርኔት ጠፋ። ኮሌጁ ውስጥ ያለው የኬብል መስመር ብቻ አንዳንድ ቀን ብቅ ይልና ይጠፋል። የጫት አይሱዙዎቹ እንኳን እንደ ድሮው አይበሩም፤ በየኬላው ቆመው ይፈተሻሉ። ጋሼ ቅዳሜ መምጣት ተወ። በስልክ ግን እንገናኛለን።

«መስመሩ ከመጣ የመጨረሻውን ሰንጠረዥ አውጣና አትምልኝ» አለኝ። «እዚህ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

አንድ ዓርብ መስመሩ መጣ። ኩዌሪውን አስኬድኩት፤ ሰንጠረዡ ረጅም ስለነበር ብዙ ገጽ ሆነ። ከታች ያሉትን፣ ሊዘጉ የሚችሉትን፣ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባቸው። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ መሰላ ልወስድለት ተነሣሁ። ባለቤቴ ደስ አላላትም።

«ዛሬ ካልሄድክ ምን ይቀራል?»

«ወረቀት አድርሼ እመለሳለሁ።»

«ወረቀት እኮ ነው የምትለው፤ ሰውን የሚያስይዘውስ እሱ አይደል?» አለች። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ፣ አንድ ኬላ ጋ፣ አስቆሙን። የቦታውን ስም አልጽፍም። ሁላችንንም አወረዱን፣ ሻንጣና ፌስታል ተፈተሸ። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው ወረቀቱና አንድ ዳቦ ነው። ፈታሹ ወጣት ነው። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ለአለቃው ሰጠው። ርእሱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማኅበረሰቦች በእንቅስቃሴያቸው» ማለት ነው። እኔ ራሴ የጻፍኩትን ርእስ ያን ቀን እንደ አዲስ አነበብኩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አለቃው።

«የትምህርት ሥራ ነው። የደረጃ ሰንጠረዥ።»

«የምን ደረጃ?»

«የማኅበረሰቦች» አልኩ። አጠገቤ ቆማ የነበረችው እናት ልጇን ይዛ ከእኔ ፈንጠር አለች።

ሚኒባሱ ያለ እኔ ሄደ።

ወደ አንድ ግቢ ወሰዱኝ። የጠየቀኝ ሰው መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አማርኛው የእኛ አካባቢ አማርኛ አይደለም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ በሥርዓት ደርድሯቸዋል። መታኝ ብል ውሸት ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልመታኝም። እንግሊዝኛ ያነባል፤ ችግሩም ይኸው ማንበቡ ነበር።

«ፖለቲካ የሚል ማኅበረሰብ አለ እዚህ።»

«አለ።»

«አባላት ይላል። ብዙ ናቸው።»

«ከመላው ዓለም ናቸው፤ አላውቃቸውም።»

«የት ነው የሚሰበሰቡት?»

«አይሰበሰቡም። ኢንተርኔት ላይ ነው ያሉት።»

«ኢንተርኔት ተዘግቷል እኮ» አለ፤ እንደ መገረም። «ታዲያ ይህን ከየት አመጣኸው?»

ስለ ኮሌጁ መስመር ነገርኩት። ጻፈው። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች አወረደ።

«የመረጃ ደኅንነት። ይህስ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ሰርጎ ገብ እንዳይገባ ስለ መጠበቅ የሚጠያየቁ ሰዎች ናቸው።»

«እስልምና፣ ክርስትና። ሃይማኖትም በእንቅስቃሴ ትመዝናላችሁ?»

«ጥያቄና መልሳቸውን ነው የቆጠርነው።»

«የቆጠርነው» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «እናንተ እነማን ናችሁ?»

«እኔና ተማሪዎቼ። ለመማሪያ።»

«በቀይ የተሰመረባቸውስ?»

«ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው።»

«ማን ነው የሚዘጋቸው?»

ለዚህ የሰጠሁትን መልስ አላስታውስም። እያንዳንዱ የተናገርኩት እውነት ከበፊቱ የባሰ ጉድጓድ ሲቆፍርልኝ ብቻ አስታውሳለሁ። መሰላ ለማን እንደማደርስ ጠየቀኝ፤ ለጓደኛዬ አልኩ። ስሙን ጠየቀኝ፤ አልሰጠሁትም። ብዙ አልገፋኝም። ጊዜ እንዳለው ሰው ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ።

ስሙን መናገር አላስፈለገኝም፤ በማግስቱ ጋሼ ራሱ መጣ። ባለቤቴ ደውላ ነግራው ነበር፤ እንዲመጣ ብላ ሳይሆን ጨንቋት። እሱ ኮቱን ለብሶ፣ ከትምህርት ቤቱ ያስፈቀደውን ላፕቶፕ ይዞ ከተፍ አለ። ካለሁበት ክፍል መስኮት አየሁት። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ የአካባቢያችን ልጅ ነው፤ «ኣባ፣ እርስዎ ይመለሱ፣ ይሄ ቦታ ለእርስዎ ጥሩ የለም» ሲለው ይሰማኛል። ጋሼ ግን ሊያስረዳቸው ነው የመጣው። ዕድሜውን ሙሉ ያልገባውን ሰው ሲያስረዳ ኖሯል።

እኔም ባለሁበት አስገቡት። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ።

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት እንዲያወጣልኝ» አለ። «ነገሩ ቀላል ነው፤ ገጹን ከፍቼ ላሳያችሁ እችላለሁ። አንድ ጊዜ ብታዩት ትስቃላችሁ።»

«ክፈተው» አለ ባለ መነጽሩ። ሽበቱን እያየ አንተ ነው ያለው።

ጋሼ ጣቱን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ፤ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ። ኢንተርኔት የለም። እዚያ ግቢ የለም፣ ብቅ እያለ ከሚጠፋው ከኮሌጁ መስመር በቀር ጭሮ የለም፣ በዚያ አገር ሁሉ የለም። ያለን ማስረጃ ያ ገጽ ብቻ ነው፤ ገጹ ደግሞ የሚከፈተው እነሱ የዘጉት ነገር ሲከፈት ነው። ሁለታችንም ይህን የተረዳነው እኩል ይመስለኛል፤ ዞር ብሎ አየኝ፣ ደንግጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አንድ የተቀመጠ ገጽ አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። ከፈተው። በሒሳብ ምልክት የተሞላ አንድ የቆየ መልሱ ነው።

ባለ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህ ጽሑፍ ምንድን ነው?»

«ኢንተግራል ነው።»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

ጋሼ በአማርኛ ማስረዳት ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ ሰውየው እጁን አነሣ፤ ላፕቶፑን አጠፈው፤ እዚያው እንዲቆይ አዘዘ። ጋሼንም።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ብዙ ሰው ነበረበት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ጋሼ የስኳር በሽተኛ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ነግሮኝ አያውቅም። መድኃኒቱን ይዞ አልመጣም፤ ለምሳ እመለሳለሁ ብሎ ነው ከቤቱ የወጣው። በባዶ እግሩ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ድንጋይ ጣቱን መታው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ሽንት ቤቱ ደጅ በተኛው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ እየገባ፣ እየወጣ፣ አልደርቅ አለ።

«ሐኪም ይየው» እላለሁ ለመጣው ሁሉ።

«ነገ» ይላሉ።

ያ የአካባቢያችን ልጅ የጥበቃ ተራው በሆነ ቀን ንጹሕ ውሃ በጆግ አምጥቶ በበሩ ያቀብለናል። «ኣባን እጠባቸው» ይለኛል። አጠብኩት። ጋሼ እግሩን በእጄ ስይዝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ራሱን አጥቦ የኖረ ነው።

እዚያ ውስጥ ስለ ነገራችን ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት፣ «ቃሉ ነው የጎዳን» አለኝ። «ማኅበረሰብ ባንለው ኖሮ። ክበብ ብንለው። የብስክሌት ክበብ፣ የሒሳብ ክበብ።»

«የፖለቲካ ክበብ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ትከሻውን ይዤ ቆየሁ።

ባለቤቴ ምግብ ይዛ ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሷታል። የጋሼን መድኃኒት አከራዩ ከመሰላ ላከችለትና ባለቤቴ ይዛው መጣች። ውስጥ የደረሰው ግን ቆይቶ ነው፤ የት እንደቆየ የሚነግረን አላገኘንም። ያን ጊዜ እግሩ ጠቁሯል፤ ይሸታል። አብረውን ያሉት ሰዎች ነውር እንዳይሆን ብለው አፍንጫቸውን አይይዙም ነበር፤ እኔ ግን ወደ በሩ የሚጠጉበትን ሁኔታ አያለሁ።

አንድ ጠዋት ስማችን ተጠራ። ባለ መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስፈረመን። የፈረምነው ከሁከት እንድንርቅ ነው።

«ተጣራ» አለ። «እንዳላችሁት ነው።»

ጋሼ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ነው የቆመው። «ማን አየው?» አለ። «ገጹን ያየው ሰው ምን አለ?»

ከልቡ ነበር የጠየቀው። ሰውየው መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ጊዜው ነው፣ አባቴ» አለ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ያለው። ላፕቶፑን መለሱልን፤ ሰንጠረዡን አልመለሱም።

ከግቢው በር እስከ ባጃጁ አዝዬው ነው የሄድኩት። ጭሮ ያየው ሐኪም ቁስሉን እንደገለጠ ብዙ አልተናገረም፤ ወደ ሐረር ጻፈልን። ሐረር እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ነቅቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ላፕቶፑ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ እንዳይጠፋ። ሁለተኛ የጠየቀኝ ዝንብ እንዳባርርለት ነው።

የእህቱ ልጅ ከጎጃም መጥቶ ወሰደው። ለጡረታ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ በሕመም ወጣ። ባስ ተራ ስሸኘው ክራንቹን እንዴት እንደሚይዝ ገና አልለመደም ነበር፤ አንዱ እየወደቀበት ሰው ሁሉ ያነሣለታል፣ እሱ ሁሉንም ያመሰግናል። እኔ ምንም የሚረባ ነገር አልተናገርኩም። ውሃ ገዝቼ በመስኮት አቀበልኩት።

ቤቴ ስመለስ አንዲት የታተመች ወረቀት አልነበረችም። የተማሪዎቼን መልመጃ ሳይቀር ባለቤቴ ገና እኔ እዚያ እያለሁ አቃጥላው ነበር። «ሌሎቹንም መጥተው ቢያገኙብህስ?» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ እንደ ድሮው አልተነጋገርንም። እሷ እኔን ባየች ቁጥር የዚያን ግቢ በር ታያለች፤ እኔም በረንዳው ላይ ያለውን ጥቁር አመድ። ጸሎት ላይ ጎን ለጎን እንበረከካለን፤ ከተነሣን በኋላ የየራሳችንን ሥራ ፍለጋ እንበታተናለን።

ኮሌጅ ስገባ ሰላምታቸው አጠረ። የክፍሌ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝና ከእንግዲህ በመጽሐፉ መልመጃ ብቻ እንዳስተምር ነገረኝ። «ለአንተው ነው» አለኝ። ወደ ሽያጭ ክፍሉ ሠራተኞች ተመለስኩ። የቦኬዋ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ያኛውስ?» ስትለኝ ጥቁር ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ፣ ጋሼ መስመሩ ከመጥፋቱ በፊት ያስገባውን ማመልከቻ ከፍቼ አየሁት። ተዘግቷል። በተሰጠው ጊዜ በቂ ተከታይ ስላልተገኘ ይላል፤ ትሕትና ያለው አጭር ጽሑፍ ነው፣ ማንንም አይወቅስም። ለሱ ደውዬ ነገርኩት። መደበቅ ነበረብኝ ወይ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ሊነግረው የሚችል አልነበረም።

«ስንተኛ ወጣን?» አለኝ።

«ደረጃ ውስጥ አልገባንም፣ ጋሼ። ዳታ እንዲኖርህ መጀመሪያ መከፈት አለብህ።»

«አዎ» አለ። «አዎ፣ እውነትህን ነው።» ከዚያ ስለ አየሩ አወራን።

ደጋግሜ እደውልለት ነበር። የመኸር ሰሞን ስልኩን ያነሣው የእህቱ ልጅ ሆነ። ሌላኛው እግሩም ቆስሎ ነበር አለኝ፤ ሁለተኛ መቆረጥን እምቢ አለ። ቀብሩ አልፏል። ጎጃም ልሄድ አስቤ መንገዱ እንደገና ችግር ነበረበት፤ ባለቤቴም «ሁለተኛ አትወጣም» አለችና በሩ ላይ ቆመች።

ስለዚህ ጭሮ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። እዚህ ዘመድ የሌለው ሰው ስለሆነ ማን ይመጣል ብዬ ነበር። ከመምህራኑ ጥቂቶች መጥተው በር አጠገብ ተቀምጠው፣ ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። ሌሎቹ በስልክ አጽናኑኝ። የመሰላዋ አከራዩ ግን በሚኒባስ መጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚለውን የሐዘን ቃል ብላ ተቀመጠች፤ የክፍሉን ቁልፍ እስካሁን ለሌላ ሰው እንዳልሰጠች ነገረችኝ። ባለቤቴ ሻይ ሰጠቻት። ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ሰውየው የተያዘበት ነገር ምን ነበር? እዚያ መሰላ ብዙ ነገር ይወራል።»

«ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ጥያቄ የሚጠይቁበት ቦታ አለ። ስለ እሱ ነው» አልኳት።

«እሱ ምን ጠየቀ?»

«እሱ አልጠየቀም። የሰው ጥያቄ ነበር የሚመልሰው።»

ብርጭቆዋን ይዛ አሰበች። «በነጻ?»

«በነጻ።»

ሻይዋን ጨርሳ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ተነሣች፤ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋት።